አባ ሰንጋና የቢላው ስሌት

አባ ሰንጋ ምስጢሩ ቀድሞ ከተፈታ የባክቴሪያ በሽታዎች አንዱ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ አንድ የተለየ ባክቴሪያ አንድን የተለየ በሽታ እንደሚያመጣ በ1876 እ.ኤ.አ. በማያሻማ መንገድ ያሳየው በዚሁ በሽታ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የክትባቱን ውጤት በበጎች ላይ በአደባባይ አስመሰከረ፤ በ1937 ደግሞ ማክስ ስተርን በደቡብ አፍሪካ ዛሬም በብዙ አገሮች ለእንስሳት የሚሰጠውን ክትባት አዘጋጀ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከእንስሳት ወደ ሰው ለሚተላለፉ በሽታዎች የቅድሚያ ደረጃ ሲወጣ አባ ሰንጋ ከእብድ ውሻ በሽታ ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ ያዘ። ስለዚህ የጎደለው የላቦራቶሪ ዕውቀት ሳይሆን፣ ከብቱ ሲወድቅ ባለቤቱ የሚያደርገውን ስሌት የሚለውጥ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል።

የበሽታው አምጪ ባሲለስ አንትራሲስ የተባለ ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ነው። በእንስሳው ደም ውስጥ እያለ በፍጥነት የሚባዛ ሲሆን፣ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች እንዳይውጡት የሚሸፍነው ልባስና ሦስት ፕሮቲኖች ተጣምረው የሚሠሩት መርዝ አለው፤ ከሦስቱ አንዱ በሴሉ ላይ ተጣብቆ በር ሲከፍት፣ በዚያ በር ከሚገቡት ሁለቱ አንዱ እብጠት ያመጣል፣ ሌላው ሴሉን ይገድላል። ከሰውነት ወጥቶ አየር ሲያገኝ ግን ራሱን በወፍራም ሽፋን ጠቅልሎ ስፖር ወደሚባለው፣ ሳይበላና ሳይራባ ወደሚቆይበት ቅርፅ ይለወጣል። ስፖር ሙቀትንና ድርቀትን ተቋቁሞ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሚኖር በመሆኑ፣ እንግሊዞች በ1942 ባክቴሪያውን በጦር መሣሪያነት የሞከሩባት የስኮትላንዷ ግሩናርድ ደሴት በፎርማልዲሃይድ ጸድታ ከስጋት ነፃ መባሏ የተነገረው በ1990 ነበር።

ለኢትዮጵያ ገጠር ወሳኙ ነገር ይኸው የአየር ጉዳይ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ በሬ ሳይከፈት ቢቀር፣ በበድኑ ውስጥ ኦክስጅን ስለሚታጣ ባክቴሪያው ስፖር መሥራት አይችልም፤ በድኑ ሲበሰብስም አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ቢላ ሲያርፍበት ግን የማይረጋው ጥቁር ደም መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ባክቴሪያው አየር ያገኛል፣ ግጦሹም ለሚቀጥሉት ዓመታት ይበከላል። በክርስትናውም ሆነ በእስልምናው ሥርዓት ሳይታረድ የሞተ ከብት ሥጋ በክት ነውና አይበላም፤ ይህ ሥርዓት ከለላ ሊሆን ሲገባው፣ የታመመው በሬ ትንፋሹ ሳይወጣ ቢላ እንዲደርስለት በሚደረገው ችኮላ ከለላነቱ ይቀራል። ከጥማድ በሬዎቹ አንዱ የወደቀበት ገበሬ የእርሻ ወቅቱን ጭምር ያጣል፤ ሥጋውን በቅርጫ አከፋፍሎ ቆዳውን መሸጡ ሌላ አማራጭ ያልቀረበለት ሰው የሚያደርገው ሒሳብ እንጂ የድንቁርና ምልክት አይደለም። ገበሬው በሽታውን በስሙ ያውቀዋልና፣ ማስተማር ብቻውን ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

ባክቴሪያው ወደ ሰው የሚገባው በዋናነት በቆዳ ጭረት፣ በደንብ ባልበሰለ ሥጋና በትንፋሽ ሲሆን፣ ከታማሚዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚያዙት በቆዳ በኩል ነው። ቁስሉ እንደ ነፍሳት ንክሻ በሚያሳክክ እብጠት ጀምሮ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያም ዙሪያው አብጦ መሃሉ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ የማያም መሆኑም ታማሚውን ያዘናጋዋል። ካልታከመ እስከ 20 በመቶ የሚደርሱትን የሚገድለው ይህ ዓይነቱ ሕመም፣ እንደ ፔኒሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ባሉ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በጊዜ ከታከመ የሚገድለው ከስንት አንድ ነው። በሳንባ የገባው ግን ከባድ ነው፤ በ2001 በአሜሪካ ስፖር በተሞሉ ደብዳቤዎች ከታመሙት 22 ሰዎች የሞቱት 5ቱም በትንፋሽ ከተያዙት 11ዱ መካከል ነበሩ። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም አስቀድሞ የተረጨውን መርዝ አያመክንም፤ በዚህም ምክንያት የሕክምናው ውጤት የሚወሰነው በሽታው በታወቀበት ሰዓት ነው።

በሽታውን ለመለየትም የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የእንስሳት ሐኪሙ በድኑን ሳይከፍት ከጆሮ ደም ሥር ጥቂት ደም ወስዶ መስታወት ላይ ቀብቶ ሜቲሊን ብሉ በተባለ ቀለም ቢያቀልመው፣ ሐምራዊ ልባስ የለበሱ ሰማያዊ ዘንጎች በማይክሮስኮፕ ይታዩታል፤ ይህ ዘዴ ከ1903 ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1911 የቀረበው የአስኮሊ ምርመራ ደግሞ የባክቴሪያውን ቅሪት በቆየ ቆዳ ላይ እንኳ ለመፈለግ ያገለግላል። የባክቴሪያውን ዘረመል አባዝቶ የሚለየው ፒሲአር ከሁሉም የረቀቀ ሲሆን፣ በአማራ ክልል በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የተከሰቱት ወረርሽኞች በኢትዮጵያ በዚህ ዘዴ የተረጋገጡ የመጀመሪያዎቹ ተብለው በጥናት ታትመዋል። ከኮክ ግኝት እስከዚህ ማረጋገጫ ከ140 ዓመት በላይ አልፏል፤ በመካከሉ፣ በ1999 እና በ2000 እ.ኤ.አ.፣ በሽታው በማጎ ብሔራዊ ፓርክ ከሺህ በላይ የዱር እንስሳትን ፈጅቷል።

መዘግየቱ የሚያስከትለው ጉዳት በመንደር አይቆምም። ከገጠር ሰብሳቢ ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ከዚያም ወደ ፋብሪካ የሚጓዘው ጥሬ ቆዳ ከመቶ ሌሎች ጋር ከተደባለቀ በኋላ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከታረደ ወይስ ከታመመ በሬ እንደተገፈፈ የሚናገር ምልክት የለውም። የሚነሰነስበት ጨው ከመበስበስ ያድነዋል እንጂ ስፖሩን አይገድልም። በመርካቶ ሸራ ተራ ጫማ ሠሪዎች እጅ የሚገባው የለፋ ቆዳ በኖራና በአሲድ ስላለፈ ስጋቱ እጅግ የቀነሰ ነው፤ ጥሬውን በትከሻ የሚሸከመው፣ የሚያራግፈውና የሚለየው የቀን ሠራተኛ ግን መንደር ላይ ያልተያዘውን አደጋ በባዶ እጁ ይቀበላል።

የእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ ይህንኑ በውድ ዋጋ ተምራለች። ከሩቅ አገር የመጣ ሱፍና የፍየል ጠጉር በሚለዩ ሠራተኞች ላይ የሚወርደው ድንገተኛ ሞት አባ ሰንጋ መሆኑን ሐኪሙ ጆን ሄንሪ ቤል በ1880 ገደማ ካሳወቀ በኋላ፣ ለዓመታት የተሞከረው ጥንቃቄ በፋብሪካው ውስጥ ያለውን ሠራተኛ የሚመለከት ነበር። በ1919 የወጣው ሕግ ግን መከላከሉን ወደ ምንጩ አቀረበው፤ በ1921 በሊቨርፑል በተከፈተው የመንግሥት ጣቢያ አደገኛው ሱፍ ገና ፋብሪካ ሳይደርስ በሳሙናና በፎርማልዲሃይድ ይጸዳ ጀመር።

ኢትዮጵያ ከዚህ አልፋ እስከ በሬው ድረስ ለመሄድ የሚያስችል መሠረት አላት። በቢሾፍቱ በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ክትባቱን በአገር ውስጥ ያመርታል፣ በሰበታም የእንስሳት ጤና ምርመራ ተቋም አለ። የቀረው ክትባቱን ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ በሽታው በተደጋገመባቸው ወረዳዎች በየዓመቱ መስጠት፣ ለወረዳው ሐኪም ማይክሮስኮፕና ቀለም ማሟላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከብቱን ሳያርድ ላመለከተ ገበሬ ካሳ መክፈል ነው። ካሳው በጀት ያራቁታል፣ በሌላ ምክንያት ለሞተ ከብትም ይጠየቅበታል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ክፍያው ምርመራ አባ ሰንጋ መሆኑን ላረጋገጠለትና ሳይከፈት በጥልቀት ለተቀበረ ከብት ብቻ ከሆነ፣ ማጭበርበሩ ይጠባል። ወጪውም የአንድ በሬ ዋጋ ነው፤ ያ በሬ ቢታረድ ግን ሥጋውን የተከፋፈሉትን ቤተሰቦች ማሳከም፣ በተበከለው ግጦሽ የሚሞቱትን ከብቶች ማጣትና ቆዳው የሚያልፍባቸውን እጆች ለአደጋ ማጋለጥ ይከተላል። ገበሬው ከማረድ ይልቅ በማሳወቅ እንዲጠቀም እስካልተደረገ ድረስ፣ ክትባቱም ሆነ ፒሲአሩ ከቢላው በኋላ መድረሳቸውን ይቀጥላሉ።