ግብሩ እኩል፣ ፈቃዱ ለየቅል

ጎበዝ፣ ዛሬ እስቲ አገር እየተሻገሩ ሥራ ስለሚገቡ ሰዎች እናውራ። ፈረንሳይ ውስጥ አንማስ ከተማ ያድራሉ፣ ጠዋት በትራም ወይም በባቡር ተሳፍረው ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ይገባሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ጄኔቭ ብቻ እንዲህ የሚመላለሱት ከ100 ሺህ ይበልጣሉ። ደመወዙ ወዲያ ማዶ ይሻላል፣ የቤት ኪራዩ ወዲህ ማዶ ይቀላል።

ከግብሩ እንጀምር። የጄኔቭ ካንቶን ግብሩን ገና ከደመወዛቸው ላይ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተፈረመ ስምምነት መሠረት ደግሞ ከጠቅላላ ደመወዛቸው 3.5 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ለሚኖሩባቸው የፈረንሳይ አካባቢዎች ይከፍላል። ሠራተኛው የሚያድርበት ከተማም መንገድና ትምህርት ቤት ያስፈልገዋላ! ይህን ደግ አሠራር እንለዋለን። ግብር ቆራጩ የማንንም ፓስፖርት ቀለም አያይም።

ወደ ሥራ ፈቃዱ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፈቃዱ "ጂ" ይባላል። ፈረንሳዊው የሥራ ውል ካቀረበ ያገኛል፤ ውሉ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ የ5 ዓመት ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘው ጎረቤቱስ? በፈረንሳይ ቋሚ የመኖሪያ መብት ሊኖረው፣ በድንበሩ አካባቢም ቢያንስ 6 ወር የኖረ ሊሆን ይገባል። ይህም አይበቃም። ቀጣሪው "ከስዊዘርላንድም ከአውሮፓ ኅብረትም ለቦታው የሚሆን ሰው ፈልጌ አጣሁ" ብሎ ማስረዳት አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚሰጠው ፈቃድ መጀመሪያ ለ1 ዓመት ነው።

"የአውሮፓውያኑ መብት በውል የተገኘ ነው" የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የነፃ ዝውውር ስምምነት ለስዊዘርላንዳውያንም የአውሮፓን በር ከፍቷል። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ውል የላትም። ነገር ግን ይህ ሰው በየቀኑ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከአንማስ ነው። ፈረንሳይ ቋሚ ነዋሪዬ ብላዋለች፤ ከእሱ ደመወዝ የሚታሰበውንም ድርሻ አንድ ሳትመልስ ትቀበላለች።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። የ6 ወሩ ነዋሪነት ይቅር አንልም፤ ምክንያት አለው። "መጀመሪያ ሌላ ሰው ፈልግ" የሚለው ግዴታ ግን ለቋሚ ነዋሪ ሊነሳለት ይገባል። ቀጣሪን የሚያሸሸው እሱ ነው። አብሮ ግብር የከፈለ በሥራው በር ላይ ለምን ወደ ኋላ ይሰለፋል?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር ያሰንብተን።