አባቶቻችን ጠመንጃ መራጮች ነበሩ

በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ይቺ ነገር አብራ ትመጣለች። «አባቶቻችን በጦርና በጋሻ ብቻ ዘመናዊ ጦር አሸነፉ!» ባለፈው እሁድ እዚሁ ዱርቤቴ ሰንበቴ ላይ አንድ ወጣት ደገማት፤ ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እኔ «አይደለም» አልኩ። አገር ተቆጣኝ! ጠላው አልቆ ተበተንን እንጂ ነገሬን አልጨረስኩም ነበር። እዚህ ልጨርሰው።

መጀመሪያ ግን፣ ስለ ዛሬ ጠመንጃ እያወራሁ አይደለም። የዛሬው ለሁላችንም በቅቶናል። የማወራው ስለ ድሮው አንድ ጎራሽ ነው።

ወዳጆቼ፣ ይቺ አባባል ምስጋና ትመስላለች እንጂ ስድብ ናት። አባቶቻችን የሚያውቁትና የሚመርጡት አልነበራቸውም፣ ወኔ ብቻ ነበራቸው ማለት ነው። ወኔ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አይተውታል። በ1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ የቴዎድሮስ ሰው ወኔ አንሶት ነበር? ኧረ በጭራሽ! ግን የያዘው በአፈሙዙ ባሩድና አረር የሚጠቀጠቅ ጠመንጃ ነው። እንግሊዙ የያዘው ከኋላው የሚጎርስ፣ እኛ በኋላ «ሰናድር» ያልነው ነው። አንዱ እስኪጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ተኮሰ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጀግና ወደቀ።

ይህን ያየ ትውልድ ተማረ። ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1868 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጉንደት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ጉራ፣ የአፄ ዮሐንስ ጦር የግብፅን ጦር ደመሰሰ። ግብፆቹ የታጠቁት አሜሪካ ሠራሹን ሬሚንግተን ነበር። የኛ ሰው መድፉንም ሬሚንግተኑንም ሰብስቦ ታጠቀው።

ሬሚንግተን እንዴት ያለ ጠመንጃ ነው? መዶሻውን ወደ ኋላ ትስባለህ፤ የጥይቱን መዝጊያ በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ ታንከባልለዋለህ፤ አንድ ጥይት ታጎርሰዋለህ፤ ትዘጋለህ፤ ምላጩን ትስባለህ። መዶሻው ሲወድቅ አካሉ ከመዝጊያው ሥር ገብቶ ስለሚደግፈው ባሩዱ ሲፈነዳ ወደ ኋላ አይከፈትም። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ጥቂትና ወፍራም ነው። አቧራና ጭቃ ይችላል። አንድ ቀን ያየው ገበሬ በማግስቱ ይተኩስበታል። ለእኛ አገርና ለዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ ምን ትመርጣለህ?

«አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ወጨፎ» ብለው የሚስቁ አሉ። እኔ የምስቀው በእነሱ ነው። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ጠመንጃ ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል ይሉ ነበር። አንደኛ፣ ከፍተህ ወደ ፀሐይ አቅናና በውስጡ እይ፤ ጠመዝማዛው መስመር ከጠፋ ወይም ዝገት ከበላው ተወው። ሁለተኛ፣ መዝጊያውን ዘግተህ ነቅንቀው፤ ከላላ አንድ ቀን ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ሦስተኛ፣ ሻጩን «ጥይቱን ከየት አገኛለሁ?» ብለህ ጠይቀው፤ መልስ ከሌለው የገዛኸው ዱላ ነው።

ዋናው ሦስተኛው ነው። አምስት የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘህ ጥይቱ ካለቀ፣ አንድ የሚጎርስ ይዞ ዝናሩ የሞላ ሰው ይበልጥሃል። የውጅግራ ጥይት ከመብዛቱና ከመፈለጉ የተነሳ በብዙ የሀገራችን ገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል። ገበያው ራሱ የሚታመነው ጠመንጃ የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ነገሥታቱም እንዲሁ ናቸው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ ሊሸጥ ጠመንጃ አምጥቶ ነበር። ያመጣው አውሮፓ የጣለውን አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ በርካሽ ገዝቶ በብዙ እጥፍ ሊሸጠው አስቦ። ምኒልክ ግን ዋጋውን ቆራርጠው ቆራርጠው፣ ሰውየው እያማረረ ተመለሰ። የተሸጠላቸውን ሁሉ ዝም ብለው የሚቀበሉ ንጉሥ አልነበሩም። ጣልያንም በ1880 ዓ.ም. ዮሐንስን እንዳይረዱ ብላ 5,000 ሬሚንግተን ልትሰጣቸው ተዋዋለች። ምኒልክ ከአንዱ አገር ጠመንጃ፣ ከሌላው ጥይት እያሉ ዓመታት ሲያከማቹ ኖሩ።

እንግዲህ ዓድዋ በ1888 ዓ.ም. ሲደርስ ከመቶ ሺህ ገደማው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ያዥ ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጦራቸውን ይዘው እዚያው ነበሩ። «ዘመናዊ» የሚባለው የባራቲየሪ ጦር በብዛት የያዘው ቬተርሊ ነው። ቬተርሊውም የኛ ውጅግራም የተነደፉት በእኛ አቆጣጠር 1860ዎቹ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ይቀራረባል!

«ጦርና ጋሻ አልነበረም ወይ?» ነበር። ጎራዴም ነበር፤ ፈረሰኛም ነበር፤ ጠመንጃ ያልደረሰውም ብዙ ነው። ያንን አልክድም። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ነው የምክደው።

ደግሞም ጠመንጃ ብቻውን ያሸንፋል እያልኩ አይደለም። መተማ ላይ በ1881 ዓ.ም. ድርቡሾቹ ከግብፅ ጦር የማረኩትን ያንኑ ሬሚንግተን ይዘው ነበር፤ አፄ ዮሐንስ በጥይት የወደቁትም እዚያ ነው። እኛ ከግብፅ የማረክነው ጠመንጃ ዓይነት ከጠላትም እጅ ነበር። ዕቃ ለማንም አይወግንም። ለሚያውቀው ይሠራል እንጂ።

ይህን ያህል የምጮኸው ለምንድን ነው? ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ይህችኑ አባባል ይዞ «ቲቸር፣ አባቶቻችን ሳይማሩ ካሸነፉ እኛ ምን ያስለፋናል?» አለኝ። ልጁ አልቀለደም። የነገርነውን አምኖ ነው የጠየቀኝ። ወኔ ካለህ ዕውቀት አያስፈልግህም ብለን አሳድገን፣ ደብተሩን ሲጥል «ትውልዱ ሰነፈ» እንላለን። ማን አሰነፈው?

ለልጁ የመለስኩለትን ለእናንተም ልድገመው። አባቶችህ ከአሮጌ ሽንፈት ተምረዋል። ጠመንጃውን ፈትተው አይተዋል፣ ጥይቱን ቆጥረዋል፣ ነጋዴውን ተከራክረዋል፣ ከዚያ ነው የዘመቱት። አንተም ከመዝመትህ በፊት እይ፣ ቁጠር፣ ጠይቅ።

ሰንበቴ ላይ የተቆጣችሁኝ፣ መልስ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ስድቡን ግን ለሚቀጥለው እሁድ ከጠላው ጋር አቆዩልኝ።