ስለ መርፌ ልማዳችን

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርትና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ እኔ ግን ዘንድሮ ስለ መርፌ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ቢሆንም የታናሽ ወንድሜን ጉዳይ ከሰማችሁ በኋላ ትፈርዳላችሁ።

ወንድሜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቁጢጥ በል ሲባል ጉልበቶቹ እንደ እንቁራሪት ወደ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፤ ገጥሞ ልቀመጥ ቢል ወደ ኋላው ይወድቃል። በሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ሰነፍ ተብሎ ከሰልፍ የወጣበት ቀን አለ። ቤትም ቢሆን ቆጮና ጎመን ቀርቦ ሁላችንም ዝቅ ብለን ስንከብ እርሱ በርጩማ ፍለጋ ይሄዳል፤ በቤተ ክርስቲያንም ስግደት ያስቸግረዋል። የመጸዳጃ ቤቱን ችግር አልጽፈውም። አያመውምና ማንም በሽታ ነው ብሎ አላሰበም። ባለፈው ዓመት ግን አንድ የአጥንት ሐኪም መቀመጫውን ዳስሶ፣ «ሕፃን ሳለ ብዙ መርፌ ተወግቷልን?» ሲል እናቴን ጠየቃት። እናቴም በኩራት፣ «አዎን፤ አንድም ቀን አልነፈግሁትም» አለች።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ መድኃኒት በአንድ ሥፍራ ደጋግሞ ሲወጋ ጡንቻው ይቈስልና በፈንታው ጠባሳ ይተካል። አጥንት ያድጋል፤ ጠባሳ ግን አብሮ አያድግም። ስለዚህ ልጁ በረዘመ ቁጥር ጡንቻው እንደ አጭር ገመድ ይይዘዋል። ይህም የጡንቻ መኮማተር ይባላል።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 በጃፓን አገር፣ ያማናሺ በተባለው ግዛት ጉልበታቸው የማይታጠፍ ብዙ ልጆች ተገኙ፤ ምክንያቱም ለጉንፋንና ለትኩሳት ጭናቸው ላይ የተወጉት መርፌ ነበር። በቻይና ፔኒሲሊን በቤንዚል አልኮል ተበጥብጦ ይወጋ ስለ ነበር ከ100 ልጆች ከ1 እስከ 2 ተኩል የሚሆኑት እንደ ታመሙ ተጽፏል፤ በዚያ ልክ ቢሆን 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ልጅ ይገኛል ማለት ነው። በኡጋንዳም፣ በኩሚ ወረዳ፣ ለወባ የሚወጋው ኪኒን ብዙዎችን ቁጢጥ ማለት ከልክሏቸዋል።

ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ወባ እንዳለ የጉብሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ለተራ ወባ የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ ሆኖም ግን ታማሚው «መርፌ ሳልወጋ እንዴት እሄዳለሁ?» ይላል፤ ክኒን ብቻ የሰጠውን ሐኪም እንደ ንፉግ ያየዋል። እኔ ወጊውን ብቻ አልከስስም፤ ወጊው እንዲወጋ የምንለምነው እኛው ነንና።

አንዳንዱ ይህን አንብቦ ልጁን ከክትባት እንዳያስቀር እፈራለሁ። ክትባት መጠኑ ጥቂት፣ ጊዜውም የተቈጠረ ነው፤ መቅረት የለበትም። ጽኑ ሕመምም መርፌ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ። የምቃወመው ለየጉንፋኑ የሚወጋውን ነው፤ ይልቁንም በሕፃን ገላ ላይ፣ በዚያው ሥፍራ፣ ደጋግሞ።

ለመምህራንም አንድ ልመና አለኝ። በመስከረም ወር የታችኛውን ክፍል ልጆች እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ እንዲሉ ቢያዝዙ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ የወደቀውን ልጅ ከመቈጣት ይልቅ ወላጁን ጠርተው ወደ ሐኪም ቤት ይላኩት።

የወንድሜ ቀጠሮ በመጪው ክረምት አዲስ አበባ ነው። የተኮማተረው ይቈረጥለታል፤ ከዚያም ለብዙ ሳምንት ቁጢጥ ማለትን እንደ ፊደል ይለማመዳል። አለማማጁ እኔ እንድሆን ከወዲሁ ታዝዣለሁ።