ብሎኑ እምቢ ቢል ዝምድናው አይበጠስ!

ውድ አንባቢያን፣ የትዳርና የጉርብትና ጣጣ ከዚህ ዓምድ ጠፍቶ አያውቅም። የዛሬው ጥያቄ ግን ከመኪና ሆድ ሥር የመጣ ነው። ጠያቂያችን የጎንደር ሰው ናቸው፤ እንዲህ ይላሉ፦

«ከጎንደር ደባርቅ የምትመላለስ አሮጌ ሚኒባስ አለችኝ። ቤተሰቤ የሚያድረው በእሷ ነው። የኋላ ባሌስትራዋ ተሰብሮ ወደ ባለቤቴ ወንድም ጋራዥ አስገባኋት። እሱ ደግሞ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሲታገል ባሌስትራውን ከሚያስሩት ብሎኖች አንዱን ቆረጠው። ከሞተሩ ሥር ያለውን ላሜራ ሊያወርድ ሲል ሌላው ብሎን በባዶ ይሽከረከራል እንጂ አይወጣም። ‹በቀሩት ትሥራ፣ ምንም አትል› አለኝ። እኔም ‹የሰበርከውን ክፈል› አልኩት። ይኸው ተኮራርፈናል። ባለቤቴም መሀል ቤት ተቸግራለች። ጥፋተኛው ማነው? መኪናዋንስ ላሠራት?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው እንጀምር። በፍጹም እንዳያንቀሳቅሷት! እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉት እነዚያ ብሎኖች የኋላውን እግር ከባሌስትራው ጋር ጠፍረው የሚይዙ ናቸው። አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ይላላሉ፣ እግሩ ከቦታው ይንሸራተታል፣ መኪናዋም መሪ የማትሰማ ትሆናለች። ሰው ጭነው ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ ምን ሊውጥዎት ነው? አንድ ቀን ደግሞ ኮንትራት ተገኝቶ ከደባርቅ አልፈው ሊማሊሞን ሊወርዱ ይችላሉ። ገደሉን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

አሁን ወደ ብሎኑ እንምጣ። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በዳዶና በብሎን ጥርስ መሀል ያለችው ክፍተት ደግሞ ከፀጉር አትበልጥም። ክረምት የተለጠፈው ጭቃ እርጥበት አቅፎ ይከርምና ሁለቱ እንደ አንድ ብረት ይጣበቃሉ። ታዲያ በቱቦ ጉልበት ሲጨመርበት የሚለቀው ጥርሱ ሳይሆን አንገቱ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ደህና መካኒክ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይኸውና፦

መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ጭቃውንና ዝገቱን ከጥርሱ ያራግፋል። ከዚያ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ይቀባል። ደብሊውዲ ፎርቲ የሚባለው በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራው እርጥበት እንዲያባርር ነበር፤ ዛሬ ብዙ ጋራዥ አይጠፋም። እሱ ከሌለ ናፍጣ ከጥቂት የሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎም ይረዳል። ዋናው ግን ጊዜ ነው። ማታ ቀብቶ፣ በመዶሻ ዙሪያውን ኳ ኳ አድርጎ ማሳደር!

ጠዋት ባለ 6 ጎን ቡሶላ ይሰካል፤ ባለ 12 ጎኑ የዛገ ጭንቅላት ይልጣል። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። አሁንም እምቢ ካለ ዳዶውን በእሳት ማጋል ይቻላል፤ ሲሞቅ ሰፋ ይላል፣ ዝገቱም ይሰነጠቃል። ነገር ግን የነዳጅ ታንከር፣ የፍሬን ቱቦና ጎማ ነክ ነገር አጠገብ እሳት አይታሰብም! በናፍጣ የራሰውንም ሳይጠርጉ እሳት መለኮስ ራስን ማቃጠል ነው።

በባዶ ለሚዞረውስ? የላሜራው ዳዶ ሻንሲው ውስጥ የተበየደ ነው፤ ብየዳው ሲለቅ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ዳዶውን በሌላ መፍቻ መያዝ ነው። ከሌለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በላሜራውና በብሎኑ ጭንቅላት መሀል ሰክቶ ወደ ታች እየገፉ መፍታት ይሞከራል፤ ዳዶው ከሻንሲው ጋር ስለሚጣበቅ አንዳንዴ ይይዛል። ይህም ካልሆነ የብሎኑን ጭንቅላት በመጋዝ ቆርጦ ላሜራውን ማውረድ፣ በኋላም አዲስ ዳዶ ማስበየድ ነው። ሽንፈት አይደለም፣ ሙያ ነው።

አደራ! ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ ሰው ሥሯ እንዳይገባ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መሸከሚያ አይደለም። የዛገ ብሎን ድንገት ሲለቅ መኪናዋ ትናወጣለች። ጠንካራ ብረት ካቫሌቶ ከሥር ይደገፍ፣ ጎማዎቹ ይታገዱ። ብሎኬትና ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ስለሚፈረካከስ አይታመንም። በየጋራዡ ከመኪና ሥር የሚተኛው ብዙውን ጊዜ የሰው ልጅ፣ ገና ሙያ የሚለምድ ልጅ ነው።

ወደ ጠባችሁ ስንመለስ እውነቱን እንነግርዎታለን። ባሌስትራ ሲቀየር እነዚያ የታጠፉ ብሎኖች ከነዳዶአቸው በአዲስ መተካት አለባቸው። አንዴ ተወጥረው የኖሩ ናቸውና ድጋሚ አይታመኑም። ስለዚህ የተቆረጠው ብሎን ሊጣል የነበረ ነው። እንዲያውም ገና ከመነሻው በመጋዝ ቢቆረጥ ያ ሁሉ ትግል ባልኖረ ነበር። አማችዎ ለእሱ የሚከፍሉት ዕዳ የለም። የአዲሱም ዋጋ የባለመኪናው ነው። ጥፋታቸው «በቀሩት ትሥራ» ማለታቸው ላይ ነው። በዚያ ግን ይቆጧቸው! የሰው ነፍስ ይጫናልና።

አዲሶቹን ሲገዙ ልኩና ጥርሱ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር፤ ጥንካሬውም ከፋብሪካው እንዳያንስ። ሌሎቹን ብሎኖች ሲቀይሩ ደግሞ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይፈልጉ፤ ትልቁ ቁጥር የበለጠ ጠንካራ ነው። 10.9 ከነበረበት 8.8 አይግባ። የባሌስትራው ዳዶዎች በሰያፍ እየተፈራረቁ እኩል ይጥበቁ፣ ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላም እንደገና ይፈተሹ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና እንደ ዓይን ብሌን የሚጠበቅ ሆኗል። ጋራዥ ወዳለው ዘመድ ሲገቡም ወግ ይኑር፦ «ብሎን ቢቆረጥ በማን ይሆናል? ቢያድር ስንት ቀን?» ተባብሎ መጀመር ነው። ከዘመድ ጋር ሒሳብ መነጋገር ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በኋላ የሚያጣላቸው ግን ያ ያልተነገረው ነው።

ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ ከኅዳር 1934 ዓ.ም. ወዲህ እነሆ ስንት ዘመን አለፈ! ዳዶው፣ ባሌስትራው፣ ካቻቢቴው ግን ከአፋችን አልተፈታም። እስቲ ዛሬ ማታ ዘይቱ ብሎኑ ላይ ይደር፣ እርስዎም ባለቤትዎን ይዘው ወንድማቸው ቤት ቡና ይጠጡ። ነገ ጠዋት ሁለቱም ይፈታሉ።

ቸር ይግጠመን!