ሙጫ፣ ምርጫና ደምበጫ

«ለልጆች መጫወቻ አውሮፕላን ስለ ሙጫ መከራከር ሥራ መፍታት ነው» የሚሉን ወገኖች አሉ። እኛ ግን ነገሩን አቅልለን አናየውም። ያለ ሞተር የምትንሳፈፍ ትንሽ አውሮፕላን የሚሠራ ተማሪ፣ ክብደትንና ሚዛንን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጁ ይማራል። በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበር መሪነት በአዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ»፣ ጣሊያኖች ወስደዋት ከኖረች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። ለመመለሷ ያጨበጨብን ሁሉ፣ ሌላዪቱን የሚሠራ እጅ ከወዴት ይመጣል ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በየሱቁ የሚገኘውን ማስቲሽ ለተማሪ ቤት ፈጽሞ አንደግፍም። አንደኛ፣ ሽታው አእምሮን ይጐዳል፤ በየከተማው ጐዳና በእርሱ የተበላሹትን ታዳጊዎች ያላየ የለም። ሁለተኛ፣ ከዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም የተሠራን ክንፍ ያቀልጣል። ተራው ሱፐር ግሉም ፎም ይበላል፤ እንጨትን ቶሎ ቢይዝም አውሮፕላኗ ስትወድቅ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

ለእንጨትና ለወረቀት የአናጢው ነጭ ኮላ ይበቃል። በስሱ ተቀብቶ፣ ታስሮ፣ ይደር። ማብዛት ብርታት አይጨምርም፤ ይኸውም በጭራዋ ላይ የተትረፈረፈ ኮላ ሚዛን ለመጠበቅ በአፍንጫዋ ላይ ሌላ ክብደት ያስጨምራል። ቀርከሃ ሲሆን ደግሞ ለስላሳው የላይ ቅርፊት ካልተፋቀ ሙጫ በደንብ አይዘውም።

«ኮላ መግዣስ?» ለሚሉን መልስ አለን። ቅቤ ባለበት አገር አሬራ አለ። ቅቤው በደንብ የወጣለት አሬራ ሲሞቅ አይብ ይሆናል፤ አይቡ ታጥቦና ተጨምቆ፣ በውሃ ከበረደ ጥቂት ኖራ ጋር ሲለወስ የእንጨት ሙጫ ይወጣዋል። ኖራ ዓይንና እጅ ስለሚያቃጥል ሥራው መምህር ባለበት ይሁን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዞች የእንጨት አውሮፕላን ሞስኪቶ በመጀመሪያ የተያያዘው ከወተት በሚወጣ ሙጫ ነበር፤ እርጥበትና ሻጋታ ስለሚያጠቃው በኋላ በሰው ሠራሽ ሙጫ ተተካ። ስለሆነም ይህ ሙጫ ለበጋ እንጅ ለጐጃም ክረምት አይታመንም።

«የሚበላ አይብ ለጨዋታ?» መባሉ አይቀርም። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚበቃው አንድ ማንኪያ ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ አይብ የሚበላ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ደምበጫ፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የምንሄድ ተማሪዎች፣ ንግግር ብቻ ይዘን አንሂድ። አንድ ጠርሙስ ኮላና አንድ ቢላዋ ይዘን፣ ከታናናሾቻችን ጋር እንቀመጥ። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።