ስሙ ተወስዶ ባለቤቱ ሲካድ

በኦታዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የከተማዋን ስም በየደብዳቤያችን ራስጌ ስንጽፍ ኖረናል፤ የማን ስም እንደ ሆነ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። ከተማዋ የተቆረቆረችበት ምድር የአልጎንኪን ሕዝብ ነው፤ ስሙ ግን በማኒቱሊን ደሴትና በሰሜን ሚሺጋን ሐይቆች ዳርቻ የሚኖረው የኦዳዋ ሕዝብ ነው። ይህን ሕዝብ «የነበረ» እያሉ የሚጽፉ ዛሬም አልታጡም። እ.ኤ.አ. በ1763 እንግሊዞችን የተዋጋውን ፖንቲያክን ያወሳሉ፤ ከዚያም መጽሐፉን ይዘጉታል። (ስሙን ለአውቶሞቢል መስጠት ግን አልከበዳቸውም።)

ለመሆኑ ይህ ሕዝብ መቼ «ጠፋ»? በ1836 በዋሽንግተን በተፈረመው ውል የአሜሪካ መንግሥት፣ ለራሱ እንዲመቸው፣ የሚሺጋንን ኦዳዋና ኦጂብዌ እንደ አንድ አካል አዋዋላቸው፤ የዛሬዋን ሚሺጋን ከሲሶ በላይም ወሰደ። የ1855ቱ ውል ያን ሰው ሠራሽ ጥምረት አፈረሰ። በ1872 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮለምበስ ዴላኖ ይህንኑ አንቀጽ ይዞ ነገዶቹ ራሳቸው ፈርሰዋል አለ። ሁለት ጎረቤታሞች የገቡበት እቁብ ቢፈርስ፣ ጎረቤታሞቹ ሞተዋል ብሎ የሚፈርድ ዳኛ በአገራችን አይተን አናውቅም!

«ለቁማር ቤት ፈቃድ ሲሉ ነገድ ሆኑ» የሚለውን ሐሜት የሚደጋግሙም አሉ። እንግዲያውስ ኦዳዋው አንድሩ ብላክበርድ የሕዝቡን ታሪክ፣ የቋንቋውን ሰዋስው ጭምር፣ በ1887 ሲያሳትም የትኛውን ቁማር ቤት አስቦ ነበር? የዴላኖ ስሕተት ለግራንድ ትራቨርስ ወገኖች በ1980፣ ለሊትል ትራቨርስና ለሊትል ሪቨር ደግሞ በ1994 ታረመ፤ ከ122 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የኦክላሆማዎቹን ኮንግረስ በ1956 በሕግ ሰርዞ በ1978 በሕግ መለሳቸው። በእነዚያ 22 ዓመታት እናቶቻቸው ማንን ወለዱ ይባል?

«ማስረጃ መጠየቅ ምን ነውር አለው?» የሚለኝን አንባቢ ወደ በርት ሌክ እወስደዋለሁ። በጥቅምት 1900፣ የመሬት ግብር አልተከፈለም በሚል ሰበብ፣ የአውራጃው ሸሪፍ በዚያ የሚኖሩትን የኦዳዋና የኦጂብዌ ተወላጆች ከቤታቸው አስወጥቶ መንደሩን በእሳት አጋየው። የዋሽንግተን ደንብ ደግሞ ዕውቅና የሚጠይቅ ነገድ ሳይበተን እንደ ማኅበረ ሰብ መኖሩን በማስረጃ እንዲያሳይ ያዛል። የበርት ሌክ ሰዎች ማመልከቻ በ2006 ውድቅ ተደረገ።