ሁለተኛው ማሪዮ እና እኔ ያወጣሁት ፈተና

ዛሬ ስለ ጌም ልጽፍ ነው። «ቲቸር ደግሞ በዚህ ዕድሜው!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ በ2011 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ መጨረሻ ላይ የእናንተ ጉዳይ አለበት።

የእኔ ዕድሜ ሰዎች ሱፐር ማሪዮን ታስታውሱታላችሁ። በእኛ ሰፈር ቲቪ ጌም ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ካሴቱ እምቢ ሲል ነቅለን እፍ እንልበትና መልሰን እንሰካዋለን። ጆይስቲኩ ሁለት፣ እኛ ሰባት! አንዱ ሲሞት ለሚቀጥለው ያቀብላል። ተራውን የሚጠብቀው ደግሞ «ዝለል! ዝለል እንጂ!» እያለ ከሚጫወተው በላይ ይጨነቃል።

ያ ጌም ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በዓመቱ፣ በ1986፣ ኒንቴንዶ ሁለተኛውን አወጣ። እኛ ግን መኖሩንም ሳናውቅ ነው ያደግነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ከጃፓን አልወጣም። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቁጭ ብዬ ተጫወትኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጀመሪያው ምሽት ስንት ጊዜ እንደሞትኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ባለቤቴ «አሁን ይሄ መዝናናት ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ጥሩ ጎኑን ልናገር።

ይሄ ጌም የመጀመሪያውን ጠንቅቆ ለጨረሰ ሰው የተሠራ ነው፤ የምታውቀውን ያውቅብሃል። ለምሳሌ እንጉዳይ። በመጀመሪያው ማሪዮ ከሳጥን ውስጥ እንጉዳይ ከወጣ ሮጠህ ትበላዋለህ፣ ትገዝፋለህ። እዚህ ግን ገና በመጀመሪያው ደረጃ መርዛም እንጉዳይ ይወጣልሃል! ትንሽ ከሆንክ ገደለህ ማለት ነው። እኔም እንደ ልጅነቴ ሮጬ ሄድኩለትና ሞትኩ። ከዚያ ብቻዬን ሳቅኩ። ደግሞም ተገቢ ነው፤ መልኩ ስለሚለይ አንዴ ከሸወደህ በኋላ ማየት ትጀምራለህ።

ቱቦ ውስጥ ያለችውን ተናካሽ አበባም አስታውሱ። ድሮ ቱቦው አጠገብ ተጠግተህ ከቆምክ አትወጣም ነበር። እዚህ ቀይዋ አበባ ብትጠጋትም ትወጣለች። ባሕር ውስጥ የምናውቀው ነጭ ፍጡር ደግሞ አየር ላይ ሲዋኝ ታገኙታላችሁ። የለመድነውን ሕግ እየወሰደ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጌም ነው። እንደ አስተማሪ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ።

ሉዊጂም ሰው ሆኗል። ድሮ ቀለሙ የተቀየረ ማሪዮ ነበር። አሁን ከወንድሙ ከፍ ብሎ ይዘላል፤ ግን ሲያርፍ ያንሸራትተዋል። ከሁለቱ አንዱን ስትመርጥ እውነተኛ ምርጫ ነው። ያለ አቋራጭ ስምንቱን ዓለም ለጨረሰ ደግሞ ዘጠነኛ ዓለም ይከፈትለታል። ለትዕግሥተኛ ሽልማት አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ድክመቱ።

አንደኛ፣ መልኩ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ሙዚቃውም እንደዚያው። አዲስ ዓለም አየሁ አትልም።

ሁለተኛ፣ ሁለት ሆኖ መጫወት ቀርቷል። ይሄ ለእኔ ትልቁ ቅሬታዬ ነው። የማሪዮ ጣዕሙ ተራ መጠበቁ ነበራ! ጓደኛህ ሲሞት እያዘንክለት በሆድህ ደስ የሚልህ ነገር። ያንን አንስተህ ሰውየውን ለብቻው ስታስቀምጠው ምን ቀረ?

ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ክፋቱ ምንም አያስተምርም። ገደል ልትዘል ስትነሳ የማይታይ ሳጥን ጭንቅላትህን ይመታህና ገደል ትገባለህ። ስፕሪንጉ ከስክሪኑ በላይ ያስወነጭፍህና የት እንደምታርፍ ሳታይ ትወርዳለህ። አቋራጭ አገኘሁ ብለህ የገባህበት ቱቦ ከሦስተኛው ዓለም ወደ አንደኛው ይመልስሃል። ነፍስህ ሲያልቅ ደግሞ ያለህበትን ዓለም ከመጀመሪያው ደረጃ ትጀምራለህ። አራተኛው ደረጃ ላይ የሠራሃትን አንዲት ስሕተት ለማረም ሦስቱን እንደገና ማለፍ አለብህ። እዚያ እስክትደርስ ምን እንደተሳሳትክ ራሱ ይጠፋሃል።

የአሜሪካው ኒንቴንዶም ይሄ ለእኛ ሰው ይከብዳል ብሎ ተወው። በምትኩ «ዶኪ ዶኪ ፓኒክ» የሚባል ሌላ የጃፓን ጌም ወስዶ ገጸ ባሕርያቱን በማሪዮ ሰዎች ቀየረና በ1988 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2» ብሎ ሸጠው። አትክልት ከመሬት እየነቀልክ ጠላት ላይ የምትወረውርበት፣ ጭራሽ ሌላ ጨዋታ ነው። ቆንጆ ነው፤ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ማሪዮ ሁለት «ሁለተኛ» አለው።

ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። በ1993 ያ ከባዱ ጌም በሱፐር ኒንቴንዶ «ሱፐር ማሪዮ ኦል ስታርስ» ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ታድሶ ወጣ፤ ስሙም «የጠፉት ደረጃዎች» ተባለ። ሥዕሉ አምሯል። ገደሉ ያው ገደል፣ መርዙም ያው መርዝ ነው። ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው፤ የደረስክበት ደረጃ ይቀመጥልሃል። ወደቅክ? ከወደቅክበት ደረጃ ጀምር። በቃ!

እኔም በድሮው ተስፋ ቆርጬ የተውኩትን ጌም በዚህኛው ጨረስኩት። ያው ክብደት፣ ያው እኔ። ልዩነቱ በስሕተቴና በሚቀጥለው ሙከራዬ መሀል ያለው ርቀት ማጠሩ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የ2011 ትዝ ያለኝ።

የዚያን ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ጥሩ ውጤት አመጣችሁ። እኔ ደግሞ «ቀለለላቸው» ብዬ ተቆጨሁ። ለሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ሦስት ሌሊት ተቀምጬ ወጥመድ ስሠራ ከረምኩ። አነባበቡ የሚያደናግር ጥያቄ፣ በመጨረሻው ሳምንት በሩጫ የነካነው ርእስ፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ምርጫ። ከክፍሉ ግማሹን ያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይባስ ብዬ ስታፍ ውስጥ «የእኔን ፈተና በዋዛ የሚያልፍ የለም» ብዬ ፎከርኩ። ሳስታውሰው አፍራለሁ።

አንዲት ተማሪ መጥታ «ቲቸር፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ያሳዩኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ለማንም አልመለስኩም ነበር። «ሂጂ አንብቢ» አልኳት። ምኑን ታንብብ? ያልታየ ሳጥን ጭንቅላቷን መትቶ ገደል ገብታለች፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሪ ነው ያልኳት።

አሁን ፈተናዬ ቀላል ነው እንዳትሉ፤ አሁን ያሉኝን ተማሪዎች ጠይቁ። ግን ወረቀት እመልሳለሁ፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ አብረን እንሠራለን፤ ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ቀይሬ በዚያው ርእስ አጭር ፈተና እሰጣለሁ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ተማሪ ታሰንፋለህ» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ዕድል አለ ብሎ ለመጀመሪያው የማይዘጋጅ ተማሪ አጋጥሞኛል። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ልጅ ሲኖር ወረቀት ማረሙም ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ሁለተኛውን ሙከራ ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራው ልጆች ይበልጡብኛል።

ስለዚህ የ2011 ልጆቼ፣ ይቅርታ። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ስንቶቻችሁ ዛሬ ሠራተኛ፣ ስንቶቻችሁ ወላጅ ሆናችኋል። በዚያ ፈተና ምክንያት «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ የደመደመ ካለ፣ ጥፋቱ የፈተናው ነበር። «ያሳዩኝ» ያልሽኝ ልጅ፣ ይሄን ካነበብሽ ኢንቦክስ ነይ። ወረቀቱ ባይኖርም ጥያቄዎቹን ሁሉ አስታውሳቸዋለሁ።

ጌሙን መሞከር ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ የ1985ቱን ጨርሱ፤ ከዚያ በ1993 የታደሰውን ያዙ። የ1986ቱን ከባለቤታችሁ ጋር ሰላም ማደር ከፈለጋችሁ ተዉት።

እስቲ እናንተም ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ ጆይስቲክ ያስወረወራችሁ ጌም የቱ ነው? ተመልሳችሁ አነሳችሁት ወይስ በዚያው ቀረ?